ሞራ፣ ቅቤ ወይስ ዘይት? ለየትኛው ምግብ የትኛው ስብ ይሻላል

የምግብ አሠራር እያነበባችሁ "100 ግራም የበሬ ሞራ" የሚል ነገር ገጠማችሁ እንበል። ቤት ያለው ቅቤ ነው። ወይም ዘይት። "ያው ስብ አይደል እንዴ?" ትሉና ባለው ትተካላችሁ። አንዳንዴ ምንም አይሆንም። አንዳንዴ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንፋሎት የበሰለው ፑዲንግ የሚባለው የሊጥ ምግብ ድፍን ብሎ፣ ቅባቱ ከሥሩ ተጠራቅሞ ይወጣል። ዱቄቱም ልክ ነበር፣ እሳቱም ልክ ነበር። ችግሩ የመጣው ከስቡ ነው።

ስብ ሲመረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጣዕሙን ነው። ቀጥሎ ጤናውን። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይሄ ምግብ ስቡ መቼ እንዲቀልጥለት ይፈልጋል? ዘይት ገና ከጠርሙሱ ሲወጣ ቀልጦ ነው የሚመጣው። ቅቤ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይለቃል። ሞራ ደግሞ ይዘገያል። የሞራ ጥቅም በሙሉ ያለው እዚህ መዘግየቱ ላይ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው።

ሞራ ስንል የቱን ነው?

በሬ ላይ ስብ የሌለበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከቆዳው ሥር አለ። በሥጋው መሃል በስስ መስመር ይሄዳል። አንጀቱን ይሸፍናል። ለምግብ አሠራር "ሞራ" ሲባል የሚፈለገው ግን በኩላሊቱ ዙሪያና በወገቡ ውስጠኛ በኩል ያለው ጥሬ ስብ ነው። የበግም አለ፣ ግን የበግ ሽታው ጠንከር ስለሚል ሁሉም ሰው አይወደውም።

ጥሩ የኩላሊት ሞራ ነጭ ነው። ወይም ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። ሳር በብዛት የበላ ከብት ከሆነ ቢጫ ሊል ይችላል፤ ያ ብልሽት አይደለም። ዋናው ምልክት ጥንካሬው ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ በጣት ሲጫኑት አይለጠጥም፤ ይሰበራል፣ ይፈረፈራል። በእጅ ላይ የሚለጠፍና የሚሟሟ ከሆነ ከሌላ ቦታ የተቆረጠ ስብ ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ልዩነት ከየት መጣ? ስብ የተለያዩ የቅባት አሲዶች ቅልቅል ነው። በኩላሊት ዙሪያ ያለው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ይበዛበታል። እሱ ደግሞ ስብን ጠንካራ ያደርጋል። ስለዚህ ሥጋ ቤት ሄዳችሁ "ትንሽ ስብ ስጠኝ" ብትሉ ከሥጋው የተከረከመው ሊሰጣችሁ ይችላል። ለመጥበስ አቅልጣችሁ ልትጠቀሙበት ከሆነ ችግር የለውም። ለሊጥ ከሆነ ግን "የኩላሊቱን" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ቁጥሩን ካያችሁት ጥሬ ሞራ ከ100 ግራሙ 94 ግራም ያህሉ ስብ ነው። ውሃው 4 ግራም አካባቢ ነው፣ የቀረው ያ ቀጭን ሽፋንና በመሃሉ ያሉት ክሮች ናቸው። ቅቤ ግን ስቡ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ 16 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ይሄን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ ስለ መተካት ስናወራ እንፈልገዋለን።

ሊጥ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ይሄ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ የሚሟሟው ለዚህ ነው። የኮኮናት ዘይት ደግሞ 24 አካባቢ ላይ ይፈሳል። ሞራ ግን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ይፈልጋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ሊጥ ውስጥ ግን ብዙ ነገር ይቀይራል። የተፈቀፈቀ ሞራ ዱቄት ውስጥ ስትጨምሩ ትናንሽ ጠጣር ቅንጣቶች ሆኖ ይበተናል። ሊጡ መሞቅ ሲጀምር ቅንጣቶቹ ቦታቸውን ይዘው ይቆያሉ። በዙሪያቸው ያለው ሊጥ ቀስ እያለ ይነሳል፣ ቅርጽ መያዝም ይጀምራል። ሞራው ዘግይቶ ሲቀልጥ ሊጡ ይመጠዋል፤ እሱ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል። በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ቀዳዳ ማለት ነው። ስፖንጅ የመሰለው፣ ቀለል ያለው የሞራ ሊጥ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ቅቤ እዚያው ቦታ ላይ ቢሆን ሊጡ ገና ጥሬ እያለ ይቀልጣል። ቀዳዳ አይተውም። ዱቄቱ ውስጥ ሰርጎ ያከብደዋል። በእንፋሎት ሲበስል ይሄ ይብሳል፤ ምክንያቱም እንፋሎት እንደ ምድጃ ፈጥኖ አያደርቅም፣ ሙቀቱም ቀስ ብሎ ነው ወደ መሃል የሚገባው። ቅቤው ብዙ ጊዜ ያገኛል ለማምለጥ።

በዚህ የተነሳ ሞራ ስሙን ያተረፈው በእንፋሎትና በፈላ ነገር ውስጥ በሚበስሉ ምግቦች ነው። በተለይ እንግሊዞች ብዙ ሠርተውበታል። በሊጥ ተሸፍኖ ለሰዓታት በእንፋሎት የሚበስለው የሥጋና የኩላሊት ፑዲንግ፣ ጃም ተቀብቶ የሚጠቀለለው ሮሊ ፖሊ፣ ዘቢብ የሚገባበት ፑዲንግ፣ የገና ፑዲንግ፣ ሁሉም የቆሙት በሞራ ላይ ነው። የስኮትላንዶች ሃጊስም የበግ ሆድ ዕቃ፣ አጃ፣ ሽንኩርትና ሞራ ነው።

ጥሬ፣ የታሸገ ወይስ የተነጠረ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞራ በሦስት መልኩ ይገኛል። ሦስቱም "የበሬ ሞራ" ሊባሉ ይችላሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ጥሬው ከሥጋ ቤት በቀጥታ የሚመጣው ነው። ጣዕሙ ንጹህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉም ርካሹ ነው። ሥራ ግን አለው። ሽፋኑን መግፈፍ፣ ደም የነካውን መቁረጥ፣ ከዚያ መፈቅፈቅ። ሽፋኑን ካልገፈፋችሁ ሊጥ ውስጥ የሚታኘክ ክር ሆኖ ይቀራል። የማዘጋጃ ዘዴው ቅዝቃዜ ነው። ሞራውን ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። መፈቅፈቂያውንም አብራችሁ ብታስገቡት አይከፋም። ስትፈቀፍቁ በየመሃሉ ዱቄት ነስንሱበት፣ ያለዚያ ተመልሶ ይጣበቃል። እጃችሁ የሚሞቅ ከሆነ ማብሰያ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይዛችሁ ፈቅፍቁ።

የታሸገው ይሄን ሁሉ ድካም ያስቀራል። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ማንቸስተር ውስጥ ጋብርኤል ሁጎን የሚባል ፈረንሳዊ የተፈቀፈቀ ሞራ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። "አቶራ" የሚለው ምርቱ ዛሬም ይሸጣል። በፓኬት የሚመጣው ሞራ መጀመሪያ ቀልጦ የተጣራ ነው፤ ከዚያ ጠጥሮ በትናንሽ ቁራጭ ይወጣና ዱቄት ይለበሳል፣ እንዳይጣበቅ። ስለዚህ ፍሪጅ ባይገባም ወራት ይቆያል። ሊጥ ውስጥ ደግሞ እኩል ስለሚበተን ለጀማሪ ይቀላል።

የታሸገውን ስትገዙ ግን ጀርባውን አንብቡ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የተለበሰው ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የስንዴ ነው፤ ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሁለተኛ፣ "የአትክልት ሞራ" የሚል ከሆነ ከበሬ የመጣ ነገር የለበትም። እሱን ለብቻው እንመጣበታለን። በነገራችን ላይ ለወፎች ምግብ ተብሎ የሚሸጥ ሞራም አለ። እሱ ለሰው ተብሎ ስላልተዘጋጀ፣ ቢረክስም እለፉት።

ሦስተኛው የተነጠረው ነው። ጥሬው ሞራ በቀስታ እሳት ይቀልጣል፣ ይጠለላል፣ ሲቀዘቅዝ ነጭና ጠንካራ ሆኖ ይረጋል። ውሃ የለውም፣ ሽፋን የለውም። መቶ በመቶ ስብ ነው ለማለት ይቻላል። ይሄኛው የመጥበሻ ስብ ነው። ሙቀት ይችላል፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሳይጨስ ይሄዳል። ቅቤ ግን ከ150 እስከ 175 ባለው ውስጥ መቃጠል ይጀምራል፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው የወተት ነገር ቀድሞ ይጠቁራል።

አሁን ምርጫው ይቀላል። ሊጥ ከሆነ ጥሬ ወይም የታሸገ። መጥበሻ ከሆነ የተነጠረ። የተነጠረውን ቀልጦ ሳለ ሊጥ ውስጥ ብታፈሱት ያ የመዘግየት ጥቅሙ ጠፋ፤ ከዘይት ብዙም አይለይም። በጣም አቀዝቅዛችሁ ብትፈቀፍቁት ግን ይሠራል። ፓኬት ውስጥ ያለውም ያው እንዲሁ የተሠራ አይደል? ጥሬውን ደግሞ ለመጥበስ መጥበሻ ላይ ብትጥሉት መጀመሪያ ውሃው ይንጣጣል፣ ሽፋኑ ያርራል፣ ጭሱ ቤቱን ይሞላል።

ቤት ውስጥ ማንጠር ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ሞራውን በደቃቁ ክተፉ ወይም በሥጋ መፍጫ አውጡት። ትልልቅ ቁራጭ ከሆነ ውጪው ሲያርር ውስጡ አይቀልጥም። ወፍራም ታች ያለው ድስት ውስጥ ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሩና በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ አድርጉት። ውሃው መጀመሪያ እንዳያርር ይጠብቀዋል፣ በኋላ ራሱ ተንኖ ያልቃል። እየቀለጠ ሲሄድ ይንጣጣል። መንጣጣቱ ጋብ ሲል፣ ቁርጥራጮቹም ወርቃማ ሲሆኑ ደርሷል። በንጹህ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። የቀረውን ወርቃማ ፍርፋሪ እንዳትጥሉት፤ ጨው ነስንሳችሁ ትኩሱን ብሉት።

ሽታው የሚከብዳችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ሞራውን በብዙ ውሃና በትንሽ ጨው ቀቅሉት። አጥልሉና ከነውሃው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ስቡ ላይ ላዩን ይረጋል። አንስታችሁ ከሥሩ ያለውን ቡናማ ነገር በቢላ ፋቁ። አንዴ ብትደግሙት ሽታው በጣም ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የተሠራ ግን ትንሽ ውሃ ይዞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በዝቅተኛ እሳት መንጣጣቱ እስኪያቆም አሙቁት። ውሃ የቀረበት ስብ ቶሎ ይበላሻል፤ መጥበሻ ላይም ይተፋል።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

ከቅቤ ጋር እንጀምር። በጣዕም ቅቤ ይበልጣል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ኬክ፣ ብስኩት፣ ቀዝቅዞ የሚበላ ማንኛውም ነገር የቅቤ ነው። ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ባለ ንጣፍ ሊጥም ለቅቤ ያደላል፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ውሃ በኃይለኛ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ንጣፎቹን ይለያያቸዋል። ሞራ ያንን አያደርግም። በሌላ በኩል እርጥብ ሙቀትና ረጅም ሰዓት ባለበት ቦታ ቅቤ ይሸነፋል። ሞራ ወተት ስለሌለበት ላክቶስ ለሚያስቸግረው ሰውም ይሆናል።

የተነጠረ ቅቤስ? ለመጥበስ ከተነጠረ ሞራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ሁለቱም ኃይለኛ ሙቀት ይችላሉ። ልዩነቱ ቅቤው መዓዛውን ለምግቡ ይሰጣል፤ ሞራው የሥጋ ጣዕም ያለው ወፍራም ቅባት ነው። ለዓሣና ለእንቁላል ቅቤውን እመርጣለሁ። ለድንችና ለቀይ ሥጋ ሞራውን።

የአሳማ ስብ ለሞራ የቅርብ ዘመድ ነው። በአሳማው ኩላሊት ዙሪያ ያለው ስብ ከሌላው የአሳማ ስብ የጠነከረ ነው፣ ለጋገራ ሊጥም በጣም የሚመሰገነው እሱ ነው። ከበሬው ሞራ ግን ይለሰልሳል። የሥጋ ፓይ ምድጃ ውስጥ ለመጋገር ካሰባችሁና የአሳማ ነገር የምትበሉ ከሆነ ከሞራ ይሻላችኋል። እንፋሎት ከሆነ ወደ ሞራው ተመለሱ። የሃይማኖት ነገር ካለ ደግሞ በደንብ አስቡበት። አሳማ የማይበላ እንግዳ ካለ ሞራ መፍትሔ ይመስላል፤ ሕጉን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ከሆነ ግን በሬው የተፈቀደ ቢሆንም የኩላሊቱ ሞራ አይፈቀድም። ይሄን ብዙ አብሳይ አያውቀውም።

የአትክልት ሞራ ብዙ ጊዜ ከፓልም ዘይትና ከዱቄት የሚሠራ ነው። ሥጋ ለማይበላ ሰው ምቹ አማራጭ ነው። ዳምፕሊንግ (ወጥ ላይ የሚበስል ድቡልቡል ሊጥ) ውስጥ ከበሬው ጋር ልዩነቱን ለማወቅ ይከብዳል፤ ሊጡ እንዲያውም ቀለል ሊል ይችላል። ረጅም ሰዓት በሚበስል ፑዲንግ ላይ ግን ያ የሥጋ ጥልቀት ይጎድለዋል። "የአትክልት" ስለተባለ ጤናማ ነው ብላችሁ ብቻ እንዳትገዙት፤ ፓልም ዘይትም ጠጣር እንዲሆን ያደረገው ያው የተጠናቀቀ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት) የሚባለው፣ ሲበዛ ለጤና የማይመከረው ነው።

ፈሳሽ ዘይት በሞራ ቦታ ሊጥ ውስጥ አይገባም። በቃ። ለመጥበስ ከሆነ ግን ለልብም ለኪስም የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በምግቡ ዓይነት ስንሄድ

ሞራን መሞከር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ዳምፕሊንግ ነው። ብትሳሳቱ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነው። 100 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 50 ግራም የተፈቀፈቀ ሞራ፣ ትንሽ ጨው። አምስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሹት፤ እንደተያያዘ አቁሙ። ብታሹት ይጠነክራል፣ ሞራውም በእጃችሁ ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ስምንት ትናንሽ ድቡልቡል አድርጋችሁ ከሚንተከተከው የሥጋ ወጥ ላይ አስቀምጡ። ክዳኑን ግጠሙና 20 ደቂቃ ተዉት። መሃል ላይ ከፍታችሁ አትዩ! እንፋሎቱ ከወጣ ይቀመጣሉ። ወጡ ራሱ ቅባት የበዛበት ከሆነ መጀመሪያ ከላይ ቅፈፉለት፤ ያለዚያ ይከብዳል።

ለፑዲንግ ሽፋን ያው መጠን ነው፦ ዱቄት ሁለት እጅ፣ ሞራ አንድ እጅ። 200 ግራም ዱቄት ከ100 ግራም ሞራ ጋር፣ ውሃው 125 ሚሊ ሊትር አካባቢ። ሊጡን አዘጋጅታችሁ አታቆዩት፣ ቤኪንግ ፓውደሩ ውሃ እንዳገኘ ሥራ ይጀምራል። ጎድጎድ ያለ ሳህን ውስጥ አስገብታችሁ ሥጋውን ሙሉ፣ በላዩ ክዳን የሚሆን ሊጥ አድርጉ። ከዚያ በወረቀትና በፎይል ሸፍኑት፤ ግን መሃሉን አጥፋችሁ፣ ምክንያቱም ሊጡ ወደ ላይ ይነሳል። ጥሬ ሥጋ ከገባበት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ በእንፋሎት ይፈልጋል። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ሲቀንስ የምትጨምሩት የፈላ ውሃ ይሁን። ቀዝቃዛ ከጨመራችሁ እንፋሎቱ ይቆምና ሊጡ ይረግባል።

ጣፋጭ ላይ ሞራ ሲገባ ብዙ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል። "የሥጋ ስብ በጃም?" ይላል። በደንብ የተዘጋጀ ሞራ ግን የሥጋ ጣዕሙ በጣም ትንሽ ነው፤ ስኳርና ቅመም ሲገባበት ጭራሽ አይታወቅም። ሚንስሚት የሚባለው የገና ፓይ መሙያ ዘቢብ፣ ፖም፣ ስኳር፣ ቅመም፣ ብራንዲና ሞራ ነው። ድሮ ስሙ እንደሚለው የተከተፈ ሥጋም ይገባበት ነበር፤ ሥጋው ቀረ፣ ሞራው ቆየ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ትኩሱን ብሉት። ሞራ ከሰውነታችን ሙቀት በላይ ስለሚቀልጥ፣ ሲቀዘቅዝ ላንቃ ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ለሽርሽር ይዛችሁ የምትሄዱት ፓይ ከሆነ በቅቤ ሥሩት።

የሚፈጭ ሥጋ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ቀይ ብቻ የሆነ ሥጋ ለበርገር ይደርቃል፤ 20 በመቶ ያህል ስብ ቢኖረው ጥሩ ነው። ሞራ ፈጭቶ መጨመር ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ሙሉውን በሞራ ከሞላችሁት ግን በርገሩ ትንሽ በረድ ሲል ሰም የመሰለ ስሜት ይመጣል። ከደረት ወይም ከጎድን ያለው ለስላሳ ስብ ይሻላል። ሞራ ከጨመራችሁም እሱን ከመሰለ ስብ ጋር አደባልቁት።

መጥበስ ላይ የተነጠረው ሞራ ንጉሥ ነው፣ በተለይ ለድንች። ቤልጅየሞች ጥብስ ድንቻቸውን በልማድ በበሬ ስብ ሁለት ጊዜ ይጠብሱታል፤ መጀመሪያ 150 ዲግሪ ገደማ ላይ እስኪበስል፣ ከዚያ አሳርፈው 180 ገደማ ላይ ውጪው እስኪንኮሻኮሽ። ማክዶናልድስም አሜሪካ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድንቹን የሚጠብሰው በአብዛኛው የበሬ ሞራ በሆነ ቅባት ነበር፣ በኋላ ወደ አትክልት ዘይት ቀየረ። የድሮው ጣዕም ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። ጥልቅ ዘይት ውስጥ መጥበስ የማትፈልጉ ከሆነ ድንቹን ግማሽ ቀቅላችሁ፣ በጋለ የተነጠረ ሞራ አገላብጣችሁ፣ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። ልዩነቱ ከሩቅ ይሰማል። እንግዳ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ካለ ግን ድንቹ በምን እንደተጠበሰ ንገሩት። ማንም ድንች ላይ በሬ አይጠብቅም።

ጤናውስ?

100 ግራም ጥሬ ሞራ 850 ካሎሪ ያህል አለው። ከዚያ ውስጥ 52 ግራም ያህሉ የተጠናቀቀ ስብ ነው። በግራም ሲሰላ ቅቤም በተጠናቀቀ ስብ ከሱ ብዙ አይርቅም፣ 51 ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ "ቅቤን ትቼ ሞራ ብጠቀም ይሻለኛል" የሚል ሰው የሚያተርፈው ነገር የለም። ተቃራኒውም እንደዚያው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን ካሎሪ ውስጥ ከተጠናቀቀ ስብ የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። ቀን ላይ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይሄ 22 ግራም ያህል ነው። ከላይ ያሉት ስምንት ዳምፕሊንጎች እያንዳንዳቸው 6 ግራም ሞራ፣ ማለትም 3 ግራም ያህል የተጠናቀቀ ስብ አላቸው። ሁለቱን ከወጥ ጋር አልፎ አልፎ መብላት አንድ ነገር ነው። በየቀኑ ድንች በሞራ መጥበስ ሌላ ነገር ነው። ስቴሪክ አሲድ ኮሌስትሮልን እንደሌሎቹ አያነሳም መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሞራ ውስጥ ያለው እሱ ብቻ አይደለም፣ ኮሌስትሮልን የሚያነሳው ፓልሚቲክ አሲድም በብዛት አለበት። በዚህ ሰበብ ሞራን መድኃኒት አድርገው የሚያወሩትን አትስሟቸው። ሐኪም ስብ ቀንሱ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ ለመጥበሱ ዘይት ያዙ፣ ዳምፕሊንጉን ለበዓል አቆዩት።

ሞራ ከሌለስ?

ቅቤን አጠንክራችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና በዚያው ክብደት ፈቅፍቁት። ያ 16 በመቶ ውሃ ስላለበት ለ100 ግራም ቅቤ ከምትጨምሩት ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀንሱ። ሊጡ የሞራውን ያህል አይነሳም፣ ግን ይበላል፤ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ለዳምፕሊንግ ይሄ በቂ ነው። አራት ሰዓት ለሚበስል ፑዲንግ ግን የአትክልት ሞራውን ፈልጉ። ለአጫጭር ነገሮች በረዶ የሆነ ጠጣር የአትክልት ቅባትም ይሠራል። ከፕላስቲክ ዕቃ በማንኪያ የሚወጣው ለስላሳ ማርጋሪን ግን አይሆንም፤ ውሃው ይበዛል፣ ከቅቤም ቀድሞ ይቀልጣል።

ጥሬ ሞራ ፍሪጅ ውስጥ እንደ ሥጋ ነው፤ ጥቂት ቀን ብቻ ይቆያል። ብዙ ከገዛችሁ ፈቅፍቃችሁ ዱቄት ነስንሱበትና በ50 እና በ100 ግራም ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ስትፈልጉ ማቅለጥ አያስፈልግም፣ ከነበረዶው ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። የተነጠረው በደረቀ ማሰሮ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያል። የቆየ የለውዝ ዓይነት ሽታ ካመጣ ሻግቷል ባትሉትም ተበላሽቷልና ጣሉት። ስትጥሉት የዕቃ ማጠቢያ ቱቦ ውስጥ እንዳታፈሱት፤ ቱቦው ውስጥ ይረጋና ይደፍነዋል። አቀዝቅዛችሁ፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጨምሩት። መጥበሻ ላይ እሳት ከያዘ ደግሞ ውሃ በጭራሽ አታፍሱበት። ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ግጠሙበት፣ እስኪቀዘቅዝም አትክፈቱት።